ከ19 ታሪኮች 4ቱን ብቻ ወደድኩ፤ ጥፋቱ የማን ነው?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። አንድ አንባቢ የሳይንሳዊ ልቦለድ መድበል አንብበው ጨረሱ። 19 ደራሲያን፣ 19 አጫጭር ታሪኮች። ሁሉም ለዚሁ መድበል ተብለው አዲስ የተጻፉ ናቸው። ጭብጣቸውም አንድ ነው፤ ከምድር ውጭ የሚኖሩ ሰዎች ሕይወት። 4ቱን በጣም ወደዷቸው። 9ኙ «ይሁን፣ አይከፉም» የሚባሉ ሆኑባቸው። 6ቱን ከመሃል ጥለው አለፉ። ከዚያም እንዲህ ሲሉ ጠየቁ፦ «አርታኢው ሥራውን አልሠራም ማለት ነው? ወይስ እኔ ለዚህ ዘርፍ የምሆን ሰው አይደለሁም? መጽሐፉን ሳይንሳዊ ልቦለድ አንብቦ ለማያውቅ ጓደኛዬ ልሰጠው አስቤ ነበር፤ አሁን ግን አመነታሁ።»

መጀመሪያ ልብዎ ይረፍ። ከ19 ታሪክ 4 መውደድ ትንሽ ነገር አይደለም። የአጭር ልቦለድ አርታኢ ነኝ፤ ይህን ዘርፍ ሳነብና ሳርም ብዙ ዓመት ሆኖኛል። እስከ ዛሬ ከዳር እስከ ዳር የወደድኩት መድበል የለም። ከጎኔ የማላጣቸው መድበሎች አሉኝ። በእነሱም ውስጥ ዳግመኛ የማልገልጣቸው ታሪኮች አሉ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የቴዎዶር ስተርጅንን አባባል ያነሳል። ስተርጅን አሜሪካዊ የሳይንሳዊ ልቦለድ ደራሲ ነበር። በ1950ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ተቺዎች ዘርፉን በደካማ ሥራዎቹ እየመዘኑ ሲያጣጥሉት መልስ ሰጠ። አዎ፣ የሳይንሳዊ ልቦለድ 90 በመቶው ውዳቂ ነው፤ ግን የማንኛውም ነገር 90 በመቶው ውዳቂ ነው አለ። እውነት አለው። ለእርስዎ ጥያቄ ግን አይበቃም። እጅዎ ላይ ያለው መጽሐፍ እኮ አንድ ጊዜ ተበጥሮ የወጣ ነው። አርታኢ ቁጭ ብሎ መርጦታል። ተመርጦም ለምን ወጣ ገባ ሆነ?

መልሱ ያለው መድበል በሚሠራበት መንገድ ውስጥ ነው። አንዳንዱ መድበል ቀደም ሲል በመጽሔት ከታተሙ ታሪኮች ይለቀማል። እዚያ አርታኢው ብቻውን አይመርጥም፤ ጊዜም አብሮት ይመርጣል። በ1970 በሮበርት ሲልቨርበርግ አርታኢነት የወጣውን «የሳይንሳዊ ልቦለድ የክብር አዳራሽ» የመጀመሪያ ቅጽ ይውሰዱ። የአሜሪካ የሳይንሳዊ ልቦለድ ደራሲያን ማኅበር አባላት ድምፅ ሰጡ፤ በድምፁ ላይ ተመሥርቶ 26 ታሪኮች ተሰበሰቡ። ከ1934 እስከ 1963 የወጡ ናቸው። ሙያተኞቹ ራሳቸው፣ ለዓመታት ከተነበበና ከተወራለት ሥራ መሃል መረጡ ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ወንፊት ከየት ይመጣል?

ከሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘው የአይዛክ አሲሞቭ «ናይትፎል» ነው። በ1941 የወጣ ታሪክ ነው። ስድስት ፀሐይ ያላት፣ በ2,049 ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የምትጨልም ዓለም። ጨለማ አይቶ የማያውቅ ሕዝብ ሲመሽበት ምን ይሆናል? ሐሳቡ አፍ ያስከፍታል። መጨረሻው ላይ ስደርስ ዛሬም ይነዝረኛል። ሰዎቹን ግን ልብ ብለው ይዩዋቸው። አብዛኛውን ጊዜ አንድ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ውስጥ ሆነው የሚከራከሩ ወንዶች ናቸው። አንዱን ከአንዱ የምንለየው በስሙና በሙያው ነው። እንግዲህ አንደኛ የወጣው ታሪክ እንኳ በራሱ ውስጥ ወጣ ገባ ነው።

የእርስዎ መድበል ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። አዲስ የተጻፈ ነው። እዚህ ጊዜ አልመረጠም። እንዴት እንደሚሠራ ከውስጥ ልንገርዎ።

አርታኢው ጭብጥ ያወጣል። ደራሲያንን ይጋብዛል። የቃላቱን ብዛትና የማስረከቢያውን ቀን ይነግራል። አሳታሚው ደግሞ ቀድሞ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ የመጽሐፉን ውፍረትና ሽፋኑ ላይ የሚወጡ ስሞችን። ከዚያ መጠበቅ ነው። አንዱ ደራሲ ድምፁ ይጠፋል። ሌላው በመጨረሻው ሌሊት ይልካል። የተላከው ታሪክ ተከፍቶ ሲነበብ ግማሹ ግሩም፣ ግማሹ ያላለቀ ይሆናል። መልሶ ለማስጻፍ ጊዜ የለም። ስሙ ሽፋኑ ላይ ገብቷል። አርታኢው አንድ ሌሊት ያስባል፤ ጠዋት ይቀበላል።

እኔም ይህን አድርጌያለሁ። አንድ መድበል ላይ የታወቀ ሰው የላከውን ታሪክ፣ ልቤ ሳያምንበት አስገባሁ። በዚያው ሳምንት ስሙ የማይታወቅ ጀማሪ ያቀረበውን፣ ቋንቋው ሻካራ ነገር ግን ሐሳቡ ትኩስ የሆነ ታሪክ መለስኩ። የገጽ ቦታ የለኝም ብዬ ነበር። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ የመለስኩት ነው።

ሌላም ምክንያት አለ፤ አንባቢ ብዙ ጊዜ አያስበውም። አርታኢ 19 ምርጥ ታሪኮችን አይደለም የሚፈልገው። እርስ በርስ የማይመሳሰሉ 19 ታሪኮችን ነው የሚፈልገው። ማርስ ላይ ብቻዋን ስለቀረች ሴት ሁለት ግሩም ታሪኮች ቢመጡ አንዱ ይቀራል። ቦታውን የሚወስደው ደከም ያለ፣ ግን ሌላ መልክ ያለው ታሪክ ነው። ይህ ስንፍና አይደለም። ሁለቱም ቢገቡ ሁለተኛው የመጀመሪያው ግልባጭ ይመስልብዎት ነበር።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። መጽሐፉን በተከታታይ ነው ያነበቡት? በጥቂት ቀን? አንድ ጭብጥ ባለው መድበል ውስጥ 12ኛውን ታሪክ ያነበበ ሰው የአየር ማገጃውን በር 11 ጊዜ አይቶታል። የኦክስጅን መለኪያው ቀይ ሲበራም 11 ጊዜ ደንግጧል። ያ 12ኛ ታሪክ መጽሔት ላይ ብቻውን ቢወጣ ኖሮ ሊወዱት ይችሉ ነበር። በቀን ከሁለት ታሪክ በላይ አለማንበብ ለአንባቢም ለደራሲም ይበጃል። ጥለው ያለፏቸው 6ቱ የት ቦታ ላይ እንደሆኑም ይመልከቱ። አርታኢዎች ጠንካራውን ታሪክ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ እንወዳለን። የምንጠራጠርበትን መሃል እንከተዋለን። 6ቱ መሃል ላይ ተሰባስበው ከተገኙ አርታኢውም እንደ እርስዎ ያስብ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ዘርፉ ልምጣ፤ የሳይንሳዊ ልቦለድ ወጣ ገባነት ከሌላው አጭር ልቦለድ ለምን እንደሚብስ። ተራ አጭር ልቦለድ ውስጥ «በሩን ከፍቶ ገባ» ቢባል አንባቢው ሁሉን ያውቃል። በር ያውቃል፣ ቤት ያውቃል፣ ማን ሲገባ ማን እንደሚደነግጥ ያውቃል። ሳይንሳዊ ልቦለድ ውስጥ በሩ ራሱ ምን እንደሆነ አይታወቅም። ከበሩ ወዲያ አየር አለ ወይ? በሩን መክፈት ወንጀል ነው ወይ? ደራሲው ዓለሙን መሥራት አለበት። ከነሕጉ። ከዚያ ሰው ያስገባበታል፤ ሰውየውን ችግር ላይ ይጥለዋል። ከዘርፉ ትልልቅ ሽልማቶች አንዱ የሆነው የሂዩጎ ሽልማት አጭር ታሪክ የሚለው ከ7,500 ቃላት በታች የሆነውን ነው። በዚያች ቦታ ይህ ሁሉ መግባት አለበት። ብዙዎቹ የሚወድቁት እዚህ ነው፤ ያውም ገና ከመጀመሪያው አንቀጽ።

ለማሳየት ያህል ሁለት አጀማመር ልጻፍልዎ። ሁለቱም የራሴ ናቸው። የመጀመሪያው ይህ ነው፦ «ከሦስተኛው የፕላኔቶች ጦርነት 40 ዓመት በኋላ፣ የኅብረቱ ምክር ቤት የቬራን ቅኝ ግዛት የአየር አቅርቦት በኮታ እንዲሆን ወሰነ። ውሳኔው በ12ቱ ጉልላቶች ከፍተኛ ቁጣ ቀሰቀሰ።» ሁለተኛው ደግሞ፦ «እናቴ ጠዋት ጠዋት የአየር ኩፖኖቿን ትቆጥራለች። ዛሬ ሁለት ጊዜ ቆጠረች።»

ሁለቱም ስለ አንድ ዓለም ነው የሚያወሩት። የመጀመሪያው ዜና ነው። ጦርነት፣ ኅብረት፣ ምክር ቤት፣ ጉልላት ጭኖብን ሄደ፤ አንድም ሰው አላሳየንም። ሁለተኛው ግን አየር በኩፖን እንደሚታደል፣ ኩፖኑ እንደማይበቃ፣ ዛሬ አንዲት ኩፖን እንደጎደለች ነገረን። ማን ወሰዳት? ልጁ ነው? እዚያው ተያዝን። የጦርነቱ ታሪክ ካስፈለገ በኋላ ይመጣል። ጥለው ካለፏቸው 6 ታሪኮች ውስጥ ስንቱ በዜና እንደጀመረ ቢያዩ ይገርምዎታል ብዬ እገምታለሁ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አስቸጋሪ አጀማመር ሁሉ መጥፎ አጀማመር አይደለም። ዳንኤል ኪይስ በ1959 ያወጣውን «አበቦች ለአልጀርኖን» የተሰኘ አጭር ታሪክ ያስቡ። የመጀመሪያው ገጽ በፊደል ግድፈት የተሞላ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ይንገዳገዳል። ያላወቀ ሰው «ይህን ማንም አላረመውም እንዴ?» ብሎ ሊዘጋው ይችላል። በታሪኩ ውስጥ ይህን የሚጽፈው ቻርሊ ነው፤ የማሰብ ችሎታው ውስን የሆነ፣ ብልህ መሆን እጅግ የሚመኝ ሰው። በአልጀርኖን፣ በአንዲት አይጥ ላይ የተሞከረው ቀዶ ሕክምና ለእሱም ይደረግለታል፤ የሚያየውንም በማስታወሻ ይዘግባል። አእምሮው እየሰላ ሲሄድ አጻጻፉ ይቃናል። ግድፈቱ ይጠፋል፣ ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል። «ጓደኞቼ» ያላቸው ሰዎች ሲስቁበት እንደነበር የሚገባው ያኔ ነው። አንጀት ይበላል። ታሪኩ በማግሥቱ ዓመት የሂዩጎ ሽልማት አገኘ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የተወው ሰው ይህን ሁሉ አጣ። ስለዚህ ከጣሏቸው ውስጥ «አልገባኝም» ብለው የጣሉትንና «ሰለቸኝ» ብለው የጣሉትን ይለዩ። አልገባኝም ላሏቸው አምስት ገጽ ይጨምሩላቸው። የሰለቹዎትን ይተዉ፤ የሚያስገድድዎት የለም።

ጥሩ ታሪክ ሆኖ ለእርስዎ የማይሆንም አለ። የቶም ጎድዊን የ1954 ታሪክ «ዘ ኮልድ ኢኩዌዥንስ» ጥሩ ምሳሌ ነው። አንድ አብራሪ በትንሽ መንኮራኩር ለታመሙ ሰዎች መድኃኒት ይዞ ይበራል። ነዳጁ ለአንድ ሰው ክብደት ብቻ ተሰልቷል። አንዲት ወጣት ወንድሟን ለማየት ጓጉታ ተደብቃ ተሳፍራለች። ምን ማለት እንደሆነ አላወቀችም። መጨረሻውን አልነግርዎትም። ይህ ታሪክ ያ በድምፅ የተመረጠው መድበል ውስጥ አለ። ያም ሆኖ አንባቢዎች ሲከራከሩበት ኖረዋል። መጠባበቂያ ነዳጅ የሌለው መንኮራኩር ማን ይልካል? በሩስ ለምን አልተቆለፈም? ተፈጥሮን ነው የምንወቅሰው ወይስ መንኮራኩሯን የሠራውን ሰው? እኔ በወጣትነቴ አልቅሼበታለሁ። ዛሬ ደግሞ የበሩ ጉዳይ አያስቀምጠኝም። ታሪኩ አልተለወጠም።

ወደ አርታኢው ልመለስ። ሥራውን ሠርቷል ወይ? ለመፍረድ 6ቱን ውድቀቶች ሁለት ቦታ መክፈል ያስፈልጋል። ሞክሮ የወደቀ አለ፤ እንደ ነገሩ የተጻፈ አለ።

እንደ ነገሩ የተጻፈውን ማወቅ አይከብድም። ማርስን አውጥተው በምትኩ ምድር ላይ ያለ የማዕድን ካምፕ ያስገቡ። ታሪኩ ምንም ሳይሆን ከቀጠለ ሳይንሱ ልብስ ብቻ ነበር። ወይም ሁለት ሰዎች አብረው የሚያውቁትን ነገር ይነጋገራሉ፦ «እንደምታውቀው ኮማንደር፣ ኦክስጅኑ ካለቀ ሁላችንም እንሞታለን።» ኮማንደሩ ያውቃል እኮ! የሚነገረው ለእኛ ነው። ወይም ሙሉው ታሪክ የመጨረሻዋን መስመር ይጠብቃል፤ ለካ ተራኪው ሮቦት ኖሯል። ይህን ሁሉ አርታኢ ማየት ነበረበት። ከ6ቱ አምስቱ እንዲህ ከሆኑ ቅሬታዎ ልክ ነው።

ሞክሮ የወደቀው ሌላ ነው። በ1967 ሃርላን ኤሊሰን 33 አዳዲስ ታሪኮች የያዘ መድበል አወጣ፤ «ዴንጀረስ ቪዥንስ»፣ በእኛ ቋንቋ «አደገኛ ራእዮች» ቢባል ያስኬዳል። ደራሲያኑን የጠየቃቸው መጽሔቶች አናትምም የሚሏቸውን ታሪኮች ነበር። የፍሪትዝ ላይበር ታሪክ ሁለቱን የዘርፉን ትልልቅ ሽልማቶች፣ ሂዩጎንና ኔቡላን ወሰደ። የሳሙኤል ዴላኒው ኔቡላን አገኘ፤ የፊሊፕ ሆዜ ፋርመሩም ሂዩጎን። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ለማስደንገጥ ብቻ የተጻፉ፣ ዛሬ ሲነበቡ ባዶ ጩኸት የሚመስሉኝ ታሪኮችም አሉ። በር ሲከፈት ማን እንደሚገባ መምረጥ አይቻልም። ኤሊሰን የተጠነቀቀ መድበል ቢሠራ ኖሮ ደካማዎቹ አይገቡም ነበር። የዴላኒውም የሚገባ አይመስለኝም።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ምናልባት ያልጠበቁት ሊሆን ይችላል። ያሳሰቡኝ የጣሏቸው 6ቱ አይደሉም። «ይሁን፣ አይከፉም» ያሏቸው 9ኙ ናቸው። የመድበል ትልቁ በሽታ መካከለኛ ታሪክ ነው። ማንም አይቃወመው፣ ማንም አያስታውሰው። አርታኢ ሲፈራ የሚሰበስበው እሱን ነው። ቋንቋው ንጹሕ፣ አወራረዱ ሥርዓት ያለው፣ ሐሳቡ የታወቀ። የሚመለስበት ምክንያት ስለማይገኝ ይገባል። 4 የሚያስደስቱና 15 የሚያናድዱ ታሪኮች ያሉበትን መድበል 19 የማይከፉ ካሉበት አስበልጣለሁ። የመጀመሪያውን ያጠናቀረው ሰው አንድ ነገር ይፈልግ ነበር።

አሁኑኑ መጽሐፉን ይዝጉትና አንድ ሳምንት ይቆዩ። ከዚያ ሳይገልጡ ያስታውሱ። ከ19ኙ የትኞቹ ቀሩ? የወደዷቸው 4ቱ ይኖራሉ። ከጣሏቸው ውስጥ አንዱ ብቅ ሊል ይችላል፤ አንድ ምስል፣ አንድ ንግግር። ያ ታሪክ ሞክሮ ከወደቁት ነው፤ ይመለሱበት። ከ9ኙ ስንቱ እንደቀረ ደግሞ ስለ አርታኢው ይነግርዎታል።

ለዘርፉ አልሆንም ወይ ላሉት፣ 4ቱን ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። ምን ያገናኛቸዋል? በሰው ግንኙነት ላይ ያተኮሩ ናቸው ወይስ ሐሳባቸው ነው የያዝዎት? ረጅም ናቸው ወይስ አጭር? ከ4ቱ ሦስቱ አንድ መልክ ካላቸው የሚወዱትን ያውቃሉ ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል። የእነዚያን ደራሲያን ስም ጽፈው ይያዙ፤ የመድበል ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው። ወጣ ገባነቱ ከሰለቸዎ ቀጥለው ጥቂት ደራሲያን ብዙ ቦታ ያገኙበትን መድበል ይሞክሩ። ኬን ሊዩ በ2016 ያወጣው የቻይና ሳይንሳዊ ልቦለድ መድበል «ኢንቪዝብል ፕላኔትስ» 7 ደራሲያንና 13 ታሪኮች ነው ያለው። ከአንዳንዶቹ ሁለት፣ ከአንዳንዶቹ ሦስት ታሪክ ስላለ ደራሲው ማን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ያገኛሉ። ሰፋ ያለውን ዓለም ማየት ከፈለጉ ደግሞ ጋርድነር ዶዝዋ ከ1984 ጀምሮ በ2018 እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ ያወጣቸው፣ የዓመቱን ምርጥ ሳይንሳዊ ልቦለድ የሰበሰቡ 35 ጥራዞች አሉ። እነዚያ ወፋፍራም ናቸው፤ እዚያም መዝለል ይኖራል። እየዘለሉ ማንበብ መብትዎ ነው።

ለጓደኛዎም መጽሐፉን ይስጡት። «ይህን አንብብ» ብለው ብቻ ግን አይስጡት። ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምራል፤ ሦስተኛው ታሪክ ላይ ይሰለቸዋል፤ ዘርፉ ሁሉ እንዲህ ነው ብሎ ያስቀምጠዋል። ከ4ቱ ሁለቱን ይምረጡለት። አንዱ እርስዎ ከሁሉ የወደዱት ይሁን። ሌላው ብዙ ቴክኒካዊ ቃል የሌለበት፣ በሰው የሚጀምር ይሁን። ሁለቱ ጋ ወረቀት ያስገቡበት፤ በየትኛው እንደሚጀምርም ይንገሩት። ሲጨርስ ስለ ሌሎቹ ምንም ሳይሉት፣ ከቀሩት ውስጥ አንድ ራሱ እንዲመርጥ ይተዉት። እርስዎ ከጣሏቸው 6 አንዱን ወድዶ ከመጣ ደግሞ አይከራከሩት፤ የት ጋ እንደያዘው ይጠይቁትና ያንን ገጽ አብራችሁ አንብቡት።